ፕሮባዮቲክ ባክቴሪያን በዓሣ መኖ ውስጥ መጠቀም፦ በእንጅባራና በአካባቢው ለሚገኙ ዓሣ አርቢዎች የቀረበ ማብራሪያ

የኩሬ ዓሣ እርባታ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ በይፋ በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጎን ለጎን ትኩረት ከተሰጣቸው የግብርና ዘርፎች አንዱ ነው። አነስተኛ መሬትና አስተማማኝ የውኃ ምንጭ ያለው አርሶ አደር ወይም በማኅበር የተደራጀ ወጣት በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ቤተሰቡን መመገብና ትርፉን ለገበያ ማቅረብ ይችላል። ይሁን እንጂ እንደ እንጅባራ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ዓሣው ለገበያ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከቆላው የረዘመ ነው። የዐቢይ ጾም ሲቃረብ የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል፤ ከዚያ በፊት ያሉት የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ወራት ግን ውኃው እጅግ የሚቀዘቅዝባቸውና የዓሣው ዕድገት የሚጓተትባቸው ናቸው። በዚህ ወቅት አርቢው ዕድገትን ያፋጥናሉ ተብለው ለሚቀርቡለት የመኖ ተጨማሪዎች ጆሮውን መስጠቱ የሚጠበቅ ነው።

ከእነዚህ ተጨማሪዎች መካከል ስማቸው በተደጋጋሚ የሚነሣው ፕሮባዮቲክ የሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮባዮቲክ ምን እንደሆነ፣ በዓሣው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በቀዝቃዛ አካባቢ ምን ያህል ሊጠበቅበት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚቀላቀል፣ እንዲሁም ወጪውን ይመልስ እንደሆነ አርቢው ራሱ የሚያሰላበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

ፕሮባዮቲክ ምንድን ነው?

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች በሰጡት ትርጓሜ መሠረት ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለወሰደው አካል የጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕይወት ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ሁለት ቃላት ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው «ሕይወት ያለው» የሚለው ሲሆን፣ በሙቀት ወይም በብልሽት የሞተ ባክቴሪያ የሚጠበቅበትን ሥራ አይሠራም። ሁለተኛው «በበቂ መጠን» የሚለው ሲሆን፣ ቁጥሩ ያነሰ ዝግጅት ስሙ ብቻ ፕሮባዮቲክ ሆኖ ይቀራል።

የእነዚህ ተሕዋስያን ሥራ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። ሊጥ በእርሾ የሚቦካው፣ ወተትም ረግቶ እርጎ የሚሆነው ከዚሁ ወገን በሆኑ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ነው። በዓሣ መኖ ውስጥ በብዛት ጥቅም ላይ የሚውሉት ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ላክቶባሲለስንና ፔዲዮኮከስን የመሳሰሉ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች፣ ሁለተኛው ባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ለዳቦም የሚያገለግለው የእርሾ ዓይነት ነው። እርሾ በሳይንሳዊ አመዳደብ ባክቴሪያ ባይሆንም በአገልግሎቱ ከፕሮባዮቲክ ይቆጠራል።

በዓሣው ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?

ዓሣ ከሚኖርበት ውኃ ጋር የማያቋርጥ ንክኪ አለው። በውኃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጠቃሚም ሆነ ጎጂ በአፉና በስንጥቡ በኩል ዘወትር ይደርሰዋል። ስለዚህ የአንጀቱ የተሕዋስያን ሚዛን ከየብስ እንስሳት ይልቅ በአካባቢው ሁኔታ በቀላሉ ይለዋወጣል። ፕሮባዮቲክ በዚህ ሚዛን ላይ በአራት መንገዶች ተጽዕኖ ያሳድራል።

አንደኛ፣ የአንጀትን ግድግዳ ቀድሞ በመያዝና ምግብ በመሻማት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አሲድና ሌሎች ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት ጎጂዎቹን ያዳክማሉ። ሦስተኛ፣ በተለይ የባሲለስ ዝርያዎች ፕሮቲንን፣ ስታርችንና ስብን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ስለሚያመነጩ ከዕፅዋት የተዘጋጀ መኖ በተሻለ ሁኔታ እንዲፈጭ ያግዛሉ። የኑግ ፋጉሎ፣ የስንዴ ፉሩሽካና የመሳሰሉት የአገር ውስጥ ተረፈ ምርቶች ዋነኛ የመኖ ምንጭ በሆኑበት ሁኔታ ይህ ጥቅም ዋጋ አለው። አራተኛ፣ የዓሣውን ተፈጥሯዊ የበሽታ መከላከያ አቅም ያነቃቃሉ። የዕድገት መሻሻል የሚመጣው ከእነዚህ ድምር ውጤት ነው፤ ዓሣው ከበላው መኖ የበለጠውን ወደ ሥጋ ይቀይራል፣ በበሽታ የሚያጣው ጉልበትም ይቀንሳል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ፕሮባዮቲክን በዓሣ እርባታ መጠቀም ከተጀመረ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓናዊው ተመራማሪ ኮዛሳ የባሲለስ ዘሮችን የሎውቴይል ከተባለ የባሕር ዓሣ መኖ ጋር በመቀላቀል ዕድገቱ መሻሻሉን ማሳየታቸው በዘርፉ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። በአገራችን ኩሬዎች በብዛት በሚረባው ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ ላይም በርካታ ሙከራዎች ተካሂደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ጥናት የቆሮሶ ጫጩቶችን ለዘጠኝ ሳምንታት በመመገብ የባክቴሪያ ቅልቅልንና እርሾን ምንም ካልተጨመረበት መኖ ጋር አነጻጽሯል። ተጨማሪውን ያገኙት ጫጩቶች የተሻለ ዕድገት ያሳዩ ሲሆን፣ ከሁሉም የላቀውን ውጤት ያስገኘው እርሾው ነበር።

በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ለዕድገት ማፋጠኛ ተብለው በእንስሳት መኖ ውስጥ እንዳይጨመሩ መከልከሉ ለፕሮባዮቲክ የተሰጠውን ትኩረት አሳድጎታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኅብረቱ አንድ የፔዲዮኮከስ ዝርያ ለሳልሞን ወገን ዓሦችና ለሽሪምፕ መኖ እንዲውል ፈቅዷል። የዚህ አቅጣጫ ምክንያት ግልጽ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ያለ በቂ ምክንያት በመኖ ሲሰጡ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም በውኃና በምግብ አማካይነት ወደ ሰው ሊደርሱ ይችላሉ።

ሆኖም ሁሉም ሙከራዎች ተመሳሳይ ውጤት አላስገኙም። በአንዳንዶቹ ልዩነቱ አነስተኛ የነበረ ሲሆን፣ በሌሎቹ ጭራሹን አልታየም። ውጤቱ በባክቴሪያው ዝርያ፣ በመጠኑ፣ በዓሣው ዓይነትና ዕድሜ፣ በመኖው ጥራት እንዲሁም በውኃው ሁኔታ ይወሰናል። ብዙዎቹ የቆሮሶ ሙከራዎች ሙቀቱ ለዓሣው ምቹ ሆኖ በተስተካከለ ውኃ ውስጥ የተካሄዱ መሆናቸውም ሊታወስ ይገባል። ለእንጅባራ አርቢ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

በእንጅባራ የአየር ጠባይ ምን ሊጠበቅ ይገባል?

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ዳንግላ በ2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚያው ዞን ውስጥ የሚገኙት ቻግኒና ጃዊ ደግሞ ዝቅ ያሉና የሚሞቁ ናቸው። በመሆኑም ለዞኑ በሙሉ የሚሠራ አንድ ምክር መስጠት አይቻልም።

ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ የማይቆጣጠር ፍጡር ነው፤ የሙቀቱ መጠን የውኃው ሙቀት ነው። ቆሮሶ በሚገባ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ወደ 11 እና 12 ዲግሪ ወርዶ ከቆየም ሊሞት ይችላል። መኖ ያልበላ ዓሣ በመኖው ውስጥ ያለውን ፕሮባዮቲክም አያገኝም። የበላውም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የምግብ መፈጨት ሂደቱ ስለሚዘገይ የተጨማሪው አስተዋጽኦ ይደበዝዛል። ፕሮባዮቲክ የቅዝቃዜን ችግር አይፈታም።

ስለዚህ በደጋው አካባቢ የሚገኝ አርቢ ለፕሮባዮቲክ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን እንዲፈጽም ይመከራል።

በመጀመሪያ የውኃውን ሙቀት ይለካ። ቴርሞሜትሩን ከውኃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ንጋት 12 ሰዓት እና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለሁለት ሳምንታት መመዝገብ የኩሬውን ትክክለኛ ሁኔታ ያሳያል።

ቀጥሎ ውኃው እንዲሞቅ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ ይመልከት። ኩሬው ፀሐይ በሚያገኝና ከነፋስ በተከለለ ቦታ ላይ መሆኑ፣ ከምንጭ የሚገባው ቀዝቃዛ ውኃ ያለማቋረጥ እንዳይፈስ መወሰኑ፣ አቅም በፈቀደም ኩሬውን በፕላስቲክ ቤት መሸፈን ለውጥ ያመጣል።

በመጨረሻም የዓሣውን ዓይነት እንደገና ያጢን። ካርፕ ከቆሮሶ ይልቅ ቅዝቃዜን ይቋቋማል፤ በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከልም በሚገባ ያድጋል። ካርፕ ከውጭ የገባ ዝርያ በመሆኑና የውኃ አካልን ወለል በመቆፈር ውኃን ስለሚያደፈርስ ከኩሬ አምልጦ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ እንዳይገባ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እንደ ዘንገናና ጥርባ ያሉ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቆች ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ በቀላሉ የሚጋለጡ ናቸው። ማንኛውንም ዓሣ ወደ ተፈጥሮ ውኃ ከመልቀቅ ወይም ከአንድ የውኃ አካል ወደ ሌላ ከማዘዋወር በፊት አግባብ ካለው አካል ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው።

በቻግኒ፣ በጃዊና በመሰል ሞቃት አካባቢዎች እንዲሁም በደጋው በተሸፈኑ ኩሬዎች ግን ዓሣው በንቃት ስለሚመገብ ፕሮባዮቲክ ጥቅም የማስገኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ከዕድሜ አንጻርም ጥቅሙ በይበልጥ የሚጠበቀው በጫጩትነት ወቅት እና ዓሣው በማጓጓዝ፣ በመጨናነቅ ወይም በቦታ ለውጥ በተጎሳቆለበት ጊዜ ነው።

ከመግዛት በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

የመኖ ተጨማሪዎችን ጨምሮ የእንስሳት መኖ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የተደነገገ ሲሆን፣ ተግባሩን በአሁኑ ወቅት የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ገዢው በማሸጊያው ላይ የሚከተሉት መገለጻቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. የባክቴሪያው ወገንና ዝርያ በስም መጠቀሱ። «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ምርት በቂ መረጃ የለውም።
2. በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ሕያው ባክቴሪያ ቁጥር።
3. የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን እንዲሁም የምርት መለያ ቁጥር።
4. የአያያዝ ሁኔታና በአንድ ኪሎ ግራም መኖ ላይ የሚጨመረው መጠን።
5. ለዓሣ የተዘጋጀ መሆኑ። ለዶሮ ወይም ለከብት የተዘጋጀ ምርት ለዓሣም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።
6. የአምራቹና የአስመጪው ማንነት። ምርቱ የተመዘገበ መሆኑን ከወረዳው ባለሙያ ጋር ማጣራት ይመከራል።

«በአንድ ወር ዓሣውን እጥፍ ያደርጋል» ወይም «ማንኛውንም በሽታ ይፈውሳል» የሚሉ ማስታወቂያዎች የፕሮባዮቲክን ተፈጥሮ የማይገልጹ በመሆናቸው አርቢው ሊጠነቀቃቸው ይገባል።

ከመኖ ጋር የሚቀላቀልበት መንገድ

በአብዛኞቹ ሙከራዎች ጥቅም ላይ የዋለው መጠን በአንድ ግራም መኖ ከአንድ ሚሊዮን እስከ አንድ ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በግራም አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ያለው ምርት 10 ግራም ተመዝኖ በ1 ኪሎ ግራም መኖ ላይ ቢጨመር በእያንዳንዱ ግራም መኖ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይደርሳል። ለምሳሌ በኩሬው ውስጥ እያንዳንዳቸው 50 ግራም የሚመዝኑ 200 ዓሦች ቢኖሩ ጠቅላላ ክብደታቸው 10 ኪሎ ግራም ነው። የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢመገቡ የቀን መኖው 300 ግራም፣ የሚጨመረውም ፕሮባዮቲክ 3 ግራም ይሆናል። አምራቹ የወሰነው መጠን ካለ ግን እርሱን መከተል ይገባል።

ላክቶባሲለስና መሰሎቹ ሙቀትን አይቋቋሙም። መኖው በሙቀት የሚዘጋጅ ከሆነ እነርሱን መጨመር የሚቻለው መኖው ተዘጋጅቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ባሲለስ ግን ጠንካራ ሽፋን ባለው ዘር መልክ ስለሚኖር ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት አካባቢም ለማከማቸት ይመቻል።

በቤት ውስጥ ለሚቀላቅል አርቢ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የዕለቱ መኖ ይመዘናል። ፕሮባዮቲኩ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ወይም የምግብ ዘይት ይበጠበጣል። ውኃው ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድል አስቀድሞ በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት አለበት። ከዚያም ብጥብጡ በመኖው ላይ በእኩል ይረጫል፤ በጥላ ሥር ለአጭር ጊዜ እንዲደርቅ ተደርጎም በዚያው ቀን ይመገባል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ አርጥቦ ማሳደር አይፈቀድም፤ እርጥብ መኖ ይሻግታል። የኑግ ፋጉሎና ሌሎች የመኖ ግብዓቶች ሲሻግቱ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዙ ስለሚችሉ በደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

ወጪውን ይመልሳልን?

የመኖ ውጤታማነት የሚለካው ዓሣው ላይ አንድ ኪሎ ግራም ክብደት ለመጨመር ስንት ኪሎ ግራም መኖ እንዳስፈለገ በማስላት ነው። ዓሦቹ በአጠቃላይ ከ20 ኪሎ ግራም ወደ 120 ኪሎ ግራም እስኪደርሱ 200 ኪሎ ግራም መኖ ከተበላ፣ 200 ለ100 ተካፍሎ ምጣኔው 2 ይሆናል።

ለማሳያ ያህል ፕሮባዮቲክ ይህንን ምጣኔ ከ2 ወደ 1.8 ዝቅ አደረገ እንበል። ለዚያው 100 ኪሎ ግራም ጭማሪ የሚያስፈልገው መኖ 180 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ቁጠባውም 20 ኪሎ ግራም ነው። በአንድ ኪሎ ግራም መኖ 10 ግራም ከተጨመረ ጠቅላላው የፕሮባዮቲክ ፍጆታ 1.8 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ የ1.8 ኪሎ ግራም ፕሮባዮቲክ ዋጋ ከ20 ኪሎ ግራም መኖ ዋጋ ከበለጠ፣ በሌላ አነጋገር አንድ ኪሎ ግራም ፕሮባዮቲክ ከአንድ ኪሎ ግራም መኖ 11 እጥፍ በላይ ከተሸጠ፣ በመኖ ቁጠባ ብቻ ወጪው አይመለስም። የሚሞተው ዓሣ ቁጥር ከቀነሰ ወይም ዓሣው ቀድሞ ለገበያ ከደረሰ ግን ስሌቱ ሊለወጥ ይችላል።

ስለሆነም መላውን ኩሬ ከመቀየር በፊት አነስተኛ ሙከራ ማድረግ አስተማማኙ መንገድ ነው። በመጠን፣ በጥልቀትና በውኃ ምንጭ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ኩሬዎች ካሉ በሁለቱም ውስጥ እኩል ቁጥርና ተቀራራቢ ክብደት ያላቸው ጫጩቶች ይጨመራሉ። አንዱ ፕሮባዮቲክ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ያንኑ መኖ ለ60 ቀናት ይመገባል። በየ15 ቀኑ ከእያንዳንዱ ኩሬ 30 ያህል ዓሦች በእርጋታ ተይዘው ይመዘናሉ፤ የተሰጠው መኖ፣ የሞተው ዓሣና የውኃው ሙቀትም ይመዘገባል። ብቻውን የሚቸገር አርቢ ከጎረቤቱ ጋር ተባብሮ ሊያደርገው ይችላል።

የቤት እርሾ ወይም እርጎ ሊተካው ይችላልን?

በእርሾና በእርጎ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው። ሆኖም በቤት ውስጥ በተዘጋጀ ፍላት ውስጥ የትኛው ዝርያ በምን ያህል ቁጥር እንዳለ አይታወቅም፤ ከዕለት ወደ ዕለትም ይለያያል። ከዚህ በላይ ደግሞ እርሾ፣ እርጎ ወይም አተላ በቀጥታ ወደ ኩሬ ሲደፋ በመበስበስ ሂደቱ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዓሦች ማለዳ ላይ ወደ ውኃው ወለል ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ የሚታዩ ከሆነ የኦክስጅን እጥረት ምልክት ነው። በመሆኑም ይህን ማድረግ አይመከርም።

ፕሮባዮቲክ መድኃኒት አይደለም

ዓሦች መብላት ካቆሙ፣ ቁስል ወይም የክንፍ መበጣጠስ ከታየባቸው፣ ወይም በድንገት መሞት ከጀመሩ አርቢው መኖ መስጠቱን አቁሞ ውኃውን ሊመረምርና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊያሳውቅ ይገባል። በባለሙያ ትእዛዝ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሰጥ ፕሮባዮቲኩ ይቋረጣል፤ መድኃኒቱ ጠቃሚውን ባክቴሪያም ይገድላልና። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት በመኖ ውስጥ መጨመር ለተመጋቢው ኅብረተሰብ ጤና አደገኛ ነው።

አገልግሎቱ የሚገኝበት

የኩሬ ቦታ መረጣ፣ የዓሣ ጫጩት፣ የመኖ አዘገጃጀት ሥልጠናና የምርት ማጣራት ድጋፍ የሚፈልጉ ነዋሪዎች በቅድሚያ በቀበሌያቸው ለሚገኘው የግብርና ባለሙያ ወይም ለወረዳቸው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ጥያቄያቸውን ማቅረብ ይችላሉ። በክልሉ የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማእከል፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማእከል በዘርፉ ምርምር የሚያካሂዱ ተቋማት ናቸው።

አርቢው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ የኩሬውን ስፋትና ጥልቀት፣ የሁለት ሳምንት የውኃ ሙቀት ምዝገባ፣ የዓሣውን ዓይነትና ቁጥር፣ የሚጠቀመውን መኖ ዝርዝር፣ ሊገዛ ያሰበው ተጨማሪ ካለም የማሸጊያውን ፎቶግራፍ ይዞ ቢቀርብ ባለሙያው ለኩሬው የሚስማማ ምክር ለመስጠት ይችላል።